ከኮርቻው እስከ መሬት

ጥቅምት 8

ለጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ያልለመድኩት ብርዱን ብቻ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አለመጻፌን አውቃለሁ። "ወንድም የላትም እንዴ በላት" ብለህ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል፤ ቧንቧ የሚያመላልሰው መኪና ሾፌር በቃሉ ነገረኝ፣ አንዲት ስድብ ሳያጎድል። አልረሳኋችሁም። እዚህ ተራራ ላይ ስልክ አይሠራም፤ ደብዳቤም የሚወርደው መኪናው በሳምንት አንዴ ሲወርድ ነው። ደግሞ የምጠይቅህ ነገር ስለነበረኝ አፌ ላይ እየመጣ እየተመለሰብኝ ነው የቆየው።

"ሥራ እንዴት ነው?" ላልከኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ከምንጩ እስከ ከተማው ማጠራቀሚያ ያለው የውኃ መስመር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ አይባልም፤ ቧንቧው በዛፍና በድንጋይ መሃል የሄደበት ቀጭን መተላለፊያ ነው። ዘጠኝ ቦታ ላይ ውኃውን የሚዘጋና የሚከፍት ቫልቭ አለ። ጡረታ የወጡት የመስመር ጠባቂ በእግራቸው ሁለት ቀን ይፈጅባቸው ነበር፤ ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር ከተማው ሁለት ቀን ተጠምቶ ያድራል። አሁን ኃላፊው ቦታውን በሞተር ሳይክል ዘጠኙንም ቫልቭ አይቶ በዚያው ቀን ለሚመለስ ሰው እሰጣለሁ ብሏል። አመልካቾቹ ሁለት ነን። አንዱ ቀውላላው ነው፤ የሥራ ባልደረባዬ ሲሆን በየትኛውም በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሌላዋ እኔ ነኝ። ሞተሩን እያንዳንዳችን መርጠን እናመጣለን፤ ያሸነፈውን መሥሪያ ቤቱ ይገዛዋል። የተሸነፈው ከተማ ወርዶ ከቤት ቤት እየዞረ ቆጣሪ ያነባል።

ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የቧንቧ ቁልፍ ይዤ ጭቃ ውስጥ የተንበረከክሁት የሰው በር እያንኳኳሁ ቁጥር ልጽፍ አይደለም። ያን መስመር እፈልገዋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚህ የፈለግሁት ነገር የለም። ፈተናው ጥር 12 ነው።

ቀውላላው ባለ አራት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር አምጥቷል። ሲያስነሳው የቢሮው መስኮት ይንቀጠቀጣል። እኔም እንደሱ ያለ ላክልኝ፤ የሚበልጥም ካለ የሚበልጠውን። ከጋራዥህ አይጠፋም።

ከወደቅህ ወዲህ እማዬ ሞተር ላይ እንዳትወጣ እንዳስማለችህ፣ እቤት ውስጥም ስሙ እንደማይነሳ አውቃለሁ። የሰው ሞተር ስትጠግን ትውላለህ እንጂ አምስት ዓመት ሙሉ አንዱም ላይ አልተቀመጥህም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንዳታሳያት፤ በሞቴ።

እህትህ ቁንዶ


ጥቅምት 21

ለቁንዶ፣

ሰላምታሽ አጭር፣ ልመናሽ ረጅም ሆኖ ደርሶኛል። እማዬ ደህና ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ጋር እየተጨቃጨቀች ትውላለች። ምን ጻፈች ብትለኝ "ብርድ ልብስ ላኩልኝ አለች" ብያታለሁ። ስለዚህ ብርድ ልብስ ይመጣልሻል፤ ለውሸቴ ስትይ ልበሺው።

"ምን ልምረጥ?" ብለሽ ብትጠይቂኝ ደስ ባለኝ ነበር። አንቺ ግን መርጠሽ ጨርሰሽ "ላክ" ነው ያልሽኝ። ደግሞ የመረጥሽው በቅናት ነው።

አራት መቶ ሃምሳ ሜዳ ላይ ጌታ ነው። ዛፍ መሃል ግን ያን ሁሉ ጉልበት የት ታወጪዋለሽ? አንዴ ነዳጅ ስትሰጪው ከሚቀጥለው ዛፍ ጋር ያስተዋውቅሻል። ቀስ ስትዪ ይግላል፣ ክንድሽን ያዝለዋል፣ ሲወድቅም አንሺ የሚቀጠርለት ነው። ለጠባብ መንገድ የሚሆነው ቀለል ያለ፣ ከታች የሚጎትት ነው፤ ሳይጮህ፣ በዝግታ፣ ድንጋዩን እየረገጠ የሚወጣ ማለቴ ነው። መሪውም በአንድ ቦታ ላይ የሚዞር መሆን አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንደናንተ ላለው አገር ይመስለኛል።

አሁን ሜትር ያዢና መስመሩን ሂጂበት። ከሁሉ የጠበበውን የዛፎች መሃል ለኪልኝ። ከሁሉ ከፍ ያለውን ድንጋይ ለኪልኝ። በመጨረሻ ራስሽን ለኪ። ጫማሽን አውልቂ፣ ጀርባሽን ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ መጽሐፍ በእግሮችሽ መሃል እስከ ላይ አስገቢና ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንሽ አለካክ አላስተምርሽም።

ሞተር የሚመረጠው በመንገዱና በእግር ልክ ነው። ቀውላላው ምን ይነዳል የሚለው ውስጡ የለበትም።

ጋሼ


ኅዳር 3

ለጋሼ፣

ብርድ ልብሱ ደርሷል። እማዬ ጠርዙን በድርብ ክር ቀምቅማዋለች፤ ለብሼው ሳለቅስ አደርኩ ብልህ ታምናለህ? እንግዲያው እመን።

ያልከውን ሁሉ ለክቻለሁ። ከሁሉ የጠበበው ቦታ ሰባተኛው ቫልቭ ጋ ከመድረስህ በፊት ነው፤ በሁለት ዛፎች መሃል ሰማኒያ ሁለት ሴንቲ ሜትር። እሱን እንዳለፍህ የድንጋይ ደረጃ ይጀምራል፤ "መሰላሉ" ይሉታል። ስድስት ደረጃ ነው፣ ትልቁ አርባ ሴንቲ ሜትር፣ ሦስተኛው ላይ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። ቧንቧው ከሥሩ ነው፤ ቧንቧ ላይ የወደቀ ሰው ፈተናውንም በዚያው ይወድቃል። እግር ሳያወርዱ የሚታለፍ አይመስለኝም።

እግሬ ሰባ አራት ነው።

ሾፌሩ ስለቸኮለ የምጨምረው የለኝም። "ፈራሽ ወይ?" ብለህ በሾፌሩ ልከህብኝ ነበር። አልፈራሁም፤ ትንሽ ብቻ።

ቁንዶ


ኅዳር 22

ለቁንዶ፣

ሞተሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ሾፌሩ "በገመድ አስሬ እንደ ሙሽራ ነው የማደርሰው" ብሏል፤ ጭረት ካየሽበት ንገሪኝ።

ሁለት መቶ ነው። ስታዪው ከንፈርሽን እንደምትጥዪ አውቃለሁ። መቶ አምስት ኪሎ ነው የሚመዝነው፤ ቢወድቅ ብቻሽን ታነሺዋለሽ። በመሃል በላክሽው ቁራጭ ወረቀት "ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ የሚጠጣው አይሻልም ወይ?" ብለሻል። እሱ ይቀላል፣ እውነት ነው፤ ግን አንቺ ሻይ ጥደሽ የምትረሺ ሰው ነሽ፣ ቅልቅሉን አንድ ቀን ትረሺና ሞተሩን ታደርቂዋለሽ። በውኃ የሚቀዘቅዘውንም ትቼዋለሁ፤ ራዲያተሩን ድንጋይ ቢበሳው የውኃ ሠራተኛዋ በውኃ እጦት መንገድ ላይ ትቀራለች። ይህኛው በነፋስ ይቀዘቅዛል።

የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ ትልቅ አድርጌዋለሁ፤ አንደኛ ማርሽ ላይ ሰው በእግሩ እየሄደ ያጅብሻል። መሪውን ከሁለቱም ጫፍ ቆርጬ ሰባ ሁለት አድርጌዋለሁ፤ ሰማኒያ ሁለቱን ታልፊበታለሽ፣ ለእያንዳንዱ ክርን አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ ከሥሩም ብረት ገጥሜለታለሁ። ኮርቻውን ለሰባ አራት እግር ነው የመረጥኩት፤ ሁለቱም የእግርሽ ጫፍ መሬት ይነካል።

መሰላሉ ላይ ዓይንሽ ከጎማሽ ፊት ሳይሆን ከደረጃው ጫፍ ላይ ይሁን። ነዳጁን አታቋርጪ። ሲያቅትሽ እግርሽን አውርጂና ቁሚ፤ መቆም ነውር አይደለም።

ጋሼ


ታኅሣሥ 6

ለጋሼ፣

እንደምን አለህ። ሞተርህ ቂመኛ ነው።

አሥራ አንድ ጊዜ ጣለኝ። አሥራ አንዱንም መሰላሉ ላይ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ። ነዳጅ አላቋረጥኩም፤ ዓይኔም ጫፉ ላይ ነበር። ቆሜ እግሬን ሳወርድ አሻፈረኝ ይልና ይዞኝ ይወርዳል። ግራ ጉልበቴ አብጧል። ቀውላላው ትናንት ሳነክስ አይቶ "መሰላሉን በመሰላል ትወጪው እንደሆን መጋዘን አለ" አለኝ። መጋዘን ድረስ ሄጄ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ትልቁን ላክልኝ ብዬህ ነበር። አንተ የራስህን ፍርሃት ነው የላክህልኝ፤ ስለ ወደቅህ ሁሉም ሰው ትንሽ ይንዳ ነው የምትለው። ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ወይ ሌላ ሞተር ላክ ወይ ቁርጡን ንገረኝ፣ የቆጣሪውን መዝገብ ልረከብ።

እህትህ


ታኅሣሥ 19

ለቁንዶ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢው፣ አትሺው።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። እማዬ አውቃለች። ደብዳቤዎችሽን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከትቼ ረሳኋቸው። ቱታው ተቀዶ ስለነበር ልትጥፍልኝ ወሰደችው፤ እሷ ደግሞ ጨርቅ መርፌ ከመንካቷ በፊት ኪስ ትፈትሻለች፣ አርባ ዓመት የሠራችበት ልማድ ነው። ማታ ከጋራዥ ስገባ መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀቶቹን በተራ ዘርግታ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣለች። የመጣው ይምጣ ብዬ ወንበር ሳብኩ።

የኅዳሩን ደብዳቤ አነሳችና በጣቷ አንድ መስመር ነካች።

"ይህ ምንድን ነው?"

"የእግሯ ልክ ነው፣ እማ።"

"የማን እግር?"

"የልጅሽ ነዋ።"

"ሰባ አራት?" አለች። ከዚያ ሳቀች፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። "ይህቺ ልጅ ስድስት ሴንቲ ሜትር ከየት አመጣች? በሃያ ስምንት ዓመቷ ተራራ ላይ ውኃ ሲያጠጧት በቀለች?"

የልክ ደብተሯን አወጣች። ከመሄድሽ በፊት በነበረው ሳምንት የሰፋችልሽ የሥራ ሱሪ እዚያ አለ፤ "የውስጥ እግር፦ 68"፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያንቺው ከቱታ ኪስ ወጣ። ሞተሩ ቂም የለውም፣ ቁንዶ። እግርሽን ባወረድሽ ቁጥር መሬቱ በዋሸሽው ልክ ይርቅሻል። ዳገት ላይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደል ነው።

ልቆጣሽ ብዕር አነሳሁ፤ ግን አፍ የለኝም። ለእማዬ በዚያው ማታ የነገርኳትን ላንቺም ልንገርሽ። የዛሬ አምስት ዓመት የጣለኝ ድንጋይ አይደለም። ዝናብም አልነበረም። የገዛሁት ሞተር ለእኔ ረጅም ነበር፤ ስገዛው ሻጩ "ይደርስሃል ወይ?" ሲለኝ በጫማዬ ጫፍ ቆሜ "አዎ" አልኩት። ከኋላዬ የሚያዩኝ ሰዎች ነበሩ። ዳገት ላይ ቆምኩ፣ እግሬን አወረድኩ፣ መሬት አጣሁ። በቃ ይኸው ነው። ሐኪሙ ሲጨርስ ቀኝ እግሬ በሦስት ሴንቲ ሜትር አጥሮ ቀረ፤ ያንን፣ ጫማዬን በወፍራም ሶል የሚያስተካክልልኝ ጫማ ሰፊ እንጂ ማንም አያውቅም። አንቺም ማነከሴን "ሕመሙ ነው" ብለሽ ነው የምታውቂው።

እማዬ ሰምታ ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ "ኮርቻውን አምጣው" አለችኝ።

ኮርቻው አንቺ ጋ ነው ብዬ ከሌላ ሞተር የተፈታ ተመሳሳዩን አመጣሁላት። እኔ ከኮርቻው ሥር ያለውን ሞላ ብናሳጥረው ይሻላል ብዬ ነበር፤ "የሞተሩ ሆድ ዝቅ ካለ አርባ ሴንቲ ሜትሩን ድንጋይ በምን ይወጣዋል? ሱሪ ሲረዝም ሰው አይቆረጥም" አለችኝ። ደብዳቤዎቹን ከእኔ በላይ አንብባቸዋለች። ስፖንጁን ራሷ በቢላ ላጠችው፣ ጎንና ጎኑን አጥብባ ጭንሽ እንዳይከፈት አደረገችው፣ አዲስ ሸራ ሰፋችበት። አምስት ሴንቲ ሜትር ከኮርቻው ወጣ። የቀረችውን አንዷን አንቺ ከሞላው ታወጫለሽ፤ አፈታቱን በሥዕል አድርጌ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ አስቀምጫለሁ።

ስለ ፍርሃቴ ያልሽውን አልተቀየምኩም። ግማሹ እውነት ነው።

ጋሼ


ጥር 2

ለጋሼና ለእማዬ፣

እንግዲህ ሁለታችሁም ስለምታነቡት ለሁለታችሁም ሰላም ብያለሁ።

አፍሬያለሁ። "ለምን?" ብለሃል በላክኸው ወረቀት። የማድቤቱን በር መቃን ታስታውሳለህ? እማዬ በየዓመቱ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ቁመታችንን የምታሰምርበት። ያንተ መስመር ወደ ላይ እየወጣ ሄደ፤ የእኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እዚያው መስመር ላይ ደግማ ስታሰምር አንተ "ይህቺ ቁንዶ በርበሬ ጠመኔ ልትጨርስ ነው" ትል ነበር። ስሜ በዚያው ቀረ። እናም መጽሐፍ በእግሬ መሃል ይዤ ሜትሩን ሳነብ ስልሳ ስምንት አለኝ፤ አንተ ስታነበው ስትስቅ ታየኝ፤ እጄ ሰባ አራት ብሎ ጻፈ። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ ልክ ዋሸሁ። ጉድ ነው።

እማ፣ ኮርቻው ደርሷል። ስገለብጠው ከሥሩ በነጭ ክር "68" ብለሽ ጠልፈሽበታል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው እኔን በትክክል የለካኝ ሰው ከአንቺ ሌላ የለም።

ትናንት ገጥሜው መሰላሉ ጋ ወጣሁ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሆን ብዬ ቆምኩ። እግሬን አወረድኩ። ጋሼ፣ መሬት አለ! ሞተሩን እያስነሳሁ እያጠፋሁ እዚያው ቆሜ ስስቅ ቆየሁ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ወጣሁት፤ በሦስቱም አልወደቅሁም።

"ልጸልይልሽ ወይ?" ብለሽ በሾፌሩ ለላክሽብኝ፣ እማ፣ ጸልዪ። ስፌትሽ ግን ግማሹን ሠርቶታል።

ቁንዶ


ጥር 14

ለእማዬና ለጋሼ፣

ጤናችሁ እንዴት ነው? የስፌት መኪናው ዘይት ደረሰው? ጋራዡ በር ላይ ያለው ጉድጓድ ተደፈነ? እዚህ አየሩ ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ አለ። የላካችሁት ካልሲ ልኬ ነው። አዎ፣ አውቃለሁ፤ ጋሼ ወረቀቱን ገልብጦ መጨረሻውን ሊያይ ነው። እማ፣ እጁን ያዢልኝ። አምስት ሳምንት ያስጨነቃችሁኝን ያህል ሁለት መስመር ታገሡ።

በዕጣ ቀውላላው አንድ ሰዓት ቀድሞኝ ወጣ። መሰላሉ ጋ ስደርስ ሦስተኛው ደረጃ ላይ አገኘሁት። ሞተሩ በጎኑ ተኝቷል፣ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ይሸታል፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ያ ሁሉ ቁመት ብቻውን ሊያነሳው አልቻለም። ዳገት ላይ፣ በዚያ መታጠፊያ፣ ቆምኩ። ሁለት እግሬን አውርጄ ቆምኩ። የእኔን ዛፍ ላይ አስደግፌ የሱን አብረን አነሳነው። ቧንቧው አልተነካም። "ኮርቻሽን ማን ነው የሰፋልሽ?" አለኝ። "እናቴ" አልኩትና አልፌው ወጣሁ።

ዘጠኙንም ቫልቭ ዘጋሁ፣ ከፈትሁ፣ ፈረምኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ኃላፊው ፊት ሞተሬን አጠፋሁ። እስከ አሥር ነበር የተሰጠን። ኃላፊው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ቀውላላው በእግሩ ቀድሞኝ ወርዶ ነበርና እኔ አፌን ሳልከፍት ሁሉን እሱ ነገረው፤ ማንሳቴንም ሳይደብቅ። በልቤ ስረግመው የከረምኩትን ሰው አቀፍኩት፤ ደረቱ ድረስ ነው የደረስኩት፣ ግድ የለኝም።

መስመሩ የእኔ ነው! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በትናንትናው ዕለት አራተኛው ቫልቭ አጠገብ ቧንቧ ፈነዳ፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ደርሼ ጠገንኩት። ከተማ ውስጥ አንድም ሰው ውኃ መቋረጡን ያወቀ የለም።

ጋሼ፣ ምንጩን ብታየው! ከዓለት ሥር ነው የሚወጣው፤ ቅዝቃዜው እጅ ይቆርጣል። በእግርህ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር እንደማትወጣው አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ላሳይህ አማረኝ።

የመስመር ጠባቂዋ


ጥር 27

ለመስመር ጠባቂዋ፣

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ከመንገዱ ማዶ ጥሩምባ እየነፋ ነው ያመጣው፤ ሰፈሩ ሰርግ መስሎት ወጣ። እማዬ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ከዚያ ማንበብ እንደምታውቅ ትዝ አላትና ቀምታኝ ራሷ አነበበችው። ቀኑን ሙሉ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ስለ ፍሪሲዮን ስታስረዳ ዋለች።

ስለ ጠመኔው ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬ መቃኑን ሄጄ አየሁት። እማዬ ከመስመርሽ አጠገብ በጠመኔ "ልክ" ብላ ጽፋበታለች።

አንድ ልመና አለኝ። አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ከእንግዲህ በጫማ ጫፍ ቆሜ አልመርጥም። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን አውልቄ፣ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ መጽሐፍ ይዤ ተለክቻለሁ። ግራ ሰማኒያ። ቀኝ ሰባ ሰባት። ለምንጩ የሚሆን ሞተር ምረጪልኝ።

ጋሼ

ልጄ፣ የለካሁት እኔ ነኝ፤ አልዋሸም። ካስማልኩት መሐላም ፈትቼዋለሁ። ቀላል ይሁን፣ ከታች የሚጎትት ይሁን። ኮርቻውን እኔ እሰፋለሁ፤ በቀኝ በኩል ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ።

እናትሽ